ሆዴ የፈራበት ክረምት

በቀደም ለጉዳይ ወደ ጊዮርጊስ ወጥቼ በአንዲት ትንሽ ቁርስ ቤት በር ሳልፍ የቡላ ሽታ አስቆመኝ። ቡላ ሲፈላ የሚሸተውን ሽታ ለማያውቀው ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ትንሽ ኮምጠጥ ይላል፣ ትንሽ ደግሞ ዝናብ የነካው አፈር ይመስላል፤ ቂቤ ጠብ ሲልበት ነው የሚለሰልሰው። ቸኩዬ ነበር፤ ግን ገባሁና አዘዝኩ። አስተናጋጇ በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ስታመጣልኝ «በሲኒ አድርጊልኝ» ልላት ምንም አልቀረኝም።

ቡላ በሲኒ ያስለመዱኝ እትዬ ሙኒራ ናቸው። አሥር ዓመቴ ነበር። አራተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ እህል አልወርድ ብሎኝ ከሰውነት ተራ የወጣሁበት ክረምት ነው።

ያኔ ቤታችን እሪ በከንቱ ሰፈር ነበር፤ አሁን ቤቱም ግቢውም የለም። አባቴ ገና ዳዴ ስል ስለሞተ ያለነው እማዬ፣ ወንድሜ ዳዊትና እኔ ብቻ ነበርን። እማዬ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ በሚገኝ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ዳዊት አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ውጤት ስላልመጣለት ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ረዳት ሆኖ ገብቷል። ለእኔ ዳዊት ወንድም ብቻ አልነበረም። ደብተሬን የሚለብድልኝ፣ ሹሩባዬን የሚፈታልኝ፣ ውሻ ያለበትን መንገድ እጄን ይዞ የሚያሻግረኝ እሱ ነበር።

ሰኔ መጨረሻ ላይ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኳሴ የዳዊት አልጋ ሥር ገባችብኝና ተንበርክኬ ስፈልጋት ጥቁር ሻንጣ አገኘሁ። ከፈትኩት። አዲስ ጃኬት፣ በላስቲክ የተጠቀለለ የትምህርት ማስረጃ፣ ከሥር ደግሞ ሦስታችን አብረን የተነሳነው ፎቶ። ፎቶውን ይዤ ሳለሁ ዳዊት ገባ። አልተቆጣኝም። አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። ከአንድ ጓደኛው ጋር በሱዳን በኩል ሊወጡ ነው። ከሱዳን ሊቢያ፣ ከሊቢያ በባሕር።

«መቼ?» አልኩት።

«ክረምቱ ሲወጣ። አሁን መንገዱ ጭቃ ነው።»

«እማዬስ?»

«ስደርስ እደውልላታለሁ። አሁን ከነገርኳት ታብዳለች። ትጊ፣ ትንፍሽ እንዳትይ። ሆድ ይፍጀው።»

ትልቅ ሰው «ሆድ ይፍጀው» ሲል ምስጢሩ እዚያው ይቅር ማለቱ እንደሆነ አላውቅም ነበር። እኔ ቃሉን እንዳለ ነው የያዝኩት። ሆዴ ያን ነገር ቀስ በቀስ ይፈጀዋል፣ ከዚያም ያልቃል ብዬ ጠበቅሁ። ከሳምንት በኋላም እንዳለ ሳገኘው፣ ሆዴ ገና ሥራ ላይ ነው፣ ለምግብ ጊዜ የለውም ብዬ ደመደምኩ። ማታ ራት ሲቀርብ እጄን በሆዴ ላይ አድርጌ አዳምጥ ነበር።

ሌላም ያመንኩት ነገር ነበረ። ዝናብ እስከዘነበ ድረስ ዳዊት አይሄድም። የሰፈር ልጆች ሁሉ ፀሐይ ሲናፍቁ እኔ ዝናብ እንዲበረታ እጸልያለሁ። ጠዋት ስነቃ በቅድሚያ ጆሮዬን ወደ ቆርቆሮው፣ ቀጥሎ ዓይኔን ወደ ዳዊት አልጋ እልካለሁ። ጣሪያው ሲንጫጫና ብርድ ልብሱ ሥር የዳዊት ጉልበት ጉብ ብሎ ሲታየኝ ትንሽ እተነፍሳለሁ። ቁርስ ሲመጣ ግን ጉሮሮዬ ተመልሶ ይዘጋል።

አልራበኝም ማለት አይበቃም። እንጀራው አፌ ውስጥ እንደ ጨርቅ ይዞራል። ስውጠው ደረቴ ላይ ይቆማል። የወጥ ሽታ ከማጀት ሲመጣ የሚያስደስተኝ የነበረው ቀርቶ ያቅለሸልሸኝ ጀመር። እማዬ መጀመሪያ ለመነችኝ፤ ጉርሻ ጠቅልላ «አንዴ ብቻ፣ ለእኔ ስትይ» እያለች። ቀጥሎ ተቆጣች። ቀጥሎ ደግሞ ሳህኑን አስቀምጣልኝ እስክጨርስ ከፊቴ አትነሳም። እኔም ሳህኑን እያየሁ፣ እሷም እኔን እያየች፣ ወጡ ረግቶ ቂቤው ነጭ ይሆናል። ያን ጊዜ ጨካኝ ትመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው እሷም ከእኔ ጋር ሳትበላ ነበር የምትነሳው።

ጎረቤት ሁሉ የየራሱን ግምት ሰጠ። አንዷ ዓይን ነው አለች። ሌላዋ ኮሶ ነው ብላ መድኃኒት አመጣች። ጠበል ተጠመቅሁ፤ ቅዝቃዜው እስካሁን ትዝ ይለኛል። ጤና ጣቢያ ሄደን ደም ሰጠሁ፣ ሰገራ ሰጠሁ። ሐኪሙ ወረቀቱን ገልብጦ አይቶ «ምንም የለባትም» አላት እናቴን። እሷ ደስ ሊላት ሲገባ ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔ ደግሞ ምስጢሩ በምርመራ ባለመታየቱ እፎይ አልኩ።

ከሁሉ የከፋው ሚዛኑ ነበር። ቴዎድሮስ አደባባይ ታክሲ መያዣው ጋ አንድ ሽማግሌ ካርቶን ላይ ሚዛን አስቀምጠው ሰው ይመዝናሉ። እማዬ በየቅዳሜው ወስዳ ታወጣኛለች። ሃያ ስድስት ኪሎ የነበርኩት ሃያ አምስት፣ ሃያ አራት፣ ሐምሌ ሲጋመስ ሃያ ሦስት ገባሁ። ሽማግሌው ቁጥሩን ጮክ ብለው አይናገሩትም ነበር፤ ለእናቴ ብቻ በጣታቸው ያሳዩዋታል። አርብ ከሰዓት ሲሆን ገና ነገ ሚዛን አለ ብዬ መፍራት እጀምራለሁ፤ ስፈራ ደግሞ ጭራሽ አልበላም።

እማዬ ቤት ብቻዬን ትታኝ ሥራ መሄድ ስለፈራች እትዬ ሙኒራ ዘንድ አደረገችኝ። እትዬ ሙኒራ ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ ሲወረድ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። ክር፣ ቁልፍ፣ ዚፕ፣ ላስቲክና መርፌ የሚሸጡ፣ ከጉራጌ አገር ገና ሙሽራ ሳሉ የመጡ፣ ስድሳ ያለፋቸው ሙስሊም ሴት ናቸው። አጭር ናቸው፤ ላይኛውን መደርደሪያ የሚደርሱት በርጩማ ላይ ወጥተው ነው። እማዬ ልብስ ስትሰፋ ክር የምትገዛው ከእሳቸው ስለነበር ከደንበኛነት አልፈው ተዋድደው ነበር።

የመጀመሪያው ቀን እማዬ በሹክሹክታ ሁሉንም ነገረቻቸው። ምሳ ዕቃዬን ሰጥታ «እባክዎ ይህን ያስጨርሱልኝ» አለቻቸው።

እትዬ ሙኒራ ምሳ ዕቃውን ተቀበሉ እንጂ እሺ አላሉም። «አስናቀች፣ ልጅቷን ለእኔ ከተውሻት ሆዷንም ለእኔ ተዪው» አሏት። «ሚዛኑንም ተዪው።»

«ሳልመዝናት እንዴት አውቃለሁ?»

«ዓይን የለሽም? የፈራን ሆድ በትልቅ ሳህን ስታስፈራሪው ይብሳል። በር ዘግቶ የተቀመጠን ሰው ታንኳኪያለሽ እንጂ በሩን ትሰብሪበታለሽ?»

እማዬ ምን እንደመለሰች አላስታውስም። ሆዴ መፍራቱን እንዴት እንዳወቁ ግን በጣም ገረመኝ። ሐኪሙ እንኳ በደም ያላገኘውን እሳቸው ገና በሩ ላይ ሳሉ አወቁት።

ሥራ ሰጡኝ። አንድ ትልቅ ጣሳ ሙሉ የተቀላቀለ ቁልፍ ነበራቸው። ባለ ሁለት ቀዳዳውን ከባለ አራት ቀዳዳው፣ የሸሚዙን ከካፖርቱ እየለየሁ ትንንሽ ሳጥኖች ውስጥ አስገባለሁ። ቁልፎቹ ቀዝቃዛና ለስላሳ ናቸው፤ ጣት ውስጥ ሲንሸራተቱ ደስ ይላሉ። የአዲስ ጨርቅና የናፍታሌን ሽታ አለ። ውጭ ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል፤ ሴቶች ጃንጥላቸውን እያራገፉ ገብተው የክር ቀለም ከጨርቃቸው ጋር ያስተያያሉ። እጄ ሥራ ሲይዝ ስለ ሻንጣው ማሰብ እንደሚቀንስልኝ ያወቅሁት እዚያ ነው።

እትዬ ሙኒራ ከኋላ በምትገኝ ጓዳ ከሰል ምድጃ ላይ ቀጠን ያለ የቡላ አጥሚት ያፈላሉ። ሲበስል በሁለት ሲኒ ይቀዳሉ፤ አንዱን ለራሳቸው፣ አንዱን ቁልፎቹ አጠገብ። «ከፈለግሽ ጠጪው፤ ካልፈለግሽ እኔ እጠጣዋለሁ» ይሉና ፊታቸውን ወደ መንገዱ ያዞራሉ። የመጀመሪያውን ቀን አልነካሁትም። እውነትም አንስተው ጠጡት፤ ቅር ያላቸውም አይመስልም። ሁለተኛውን ቀን ከንፈሬን አስነካሁ። ሦስተኛው ቀን ግማሹ አለቀ። ሲኒው ትንሽ ስለሆነ የሚያስፈራ ነገር አልነበረውም። ባዶ ሲሆንም «ጎበዝ» አይሉኝም፤ ዝም ብለው ያጥቡታል። ያ በጣም አሳረፈኝ።

ከምሳ በፊት ዝናቡ ጋብ ሲል ሱቁን ለጎረቤታቸው አደራ ብለው እስከ ጊዮርጊስ አጥር ድረስ ቀስ ብለን ደርሰን እንመለሳለን። «ሆድ ተቀምጦ አይራብም» ይሉ ነበር። በእነዚያ እርምጃዎች መሐል አንድ ቀን ስለራሳቸው አጫወቱኝ። ወጣት ሳሉ ባላቸው ለንግድ ወጥተው ለብዙ ወር ድምፃቸው ጠፋ። እትዬ ሙኒራም እንደ እኔ እህል አልወርድ ብሏቸው ቀሚሳቸው ትከሻቸው ላይ አልቆም አለ። አማታቸው ናቸው በማንኪያ ጫፍ ቡላ እያቀመሱ ያቆዩአቸው።

«ባልዎ መጡ?» አልኳቸው።

«መጣ። ግን እሱ ከመምጣቱ በፊት ነው መብላት የጀመርኩት። እሱ ቢመጣም ባይመጣም እኔ መኖር ነበረብኝ።»

ነሐሴ ገባና ፍልሰታ ተያዘ። ቡላው እስከዚያ ድረስ ቂቤ ጠብ ይልበት ነበር። እትዬ ሙኒራ ራሳቸው ናቸው ያስታወሱት፤ «ጾማችሁ ገብቷል፣ ቂቤውን ትቻለሁ» አሏት እማዬን። ከዚያ ቀን ጀምሮ በውሃና በትንሽ ጨው ብቻ ያፈሉልኝ ጀመር። እማዬ የነፍስ አባቷን ጠየቀች። እሳቸውም «የታመመ ሕፃን ይብላ» ብለው ፈቀዱ። ፈቃዱን ስታደርስ እትዬ ሙኒራ «ካህኑ በአፋቸው እንዲህ ብለዋል?» ብለው ደግመው አረጋገጡ፤ ከዚያ በኋላ ነው የቂቤውን ዕቃ ያወረዱት። የራሳቸውን ጾም የማያስነኩትን ያህል የእኛንም አላስነኩም።

በሲኒ የጀመረው በሁለት ሲኒ ሆነ። በዓይን ሲያዩኝ መክሳቴ የቆመ ይመስል ነበር። ግን ምስጢሩ እንዳለ ነው፤ ቀኑም እየቀረበ ነው።

ጳጉሜን ሊገባ ሲል አንድ ጠዋት ነቅቼ ጆሮዬን ወደ ጣሪያው ብልክ ዝም ብሏል። በመስኮቱ ቀዳዳ ቀጭን የፀሐይ ጨረር ወለሉ ላይ ወድቋል። ዳዊት ጫማውን እየጠረገ ያፏጫል። ሱቅ እስክደርስ ሰማዩን እያየሁ ሄድኩ። እትዬ ሙኒራ ሲኒውን አጠገቤ ሲያስቀምጡ ሽታው ብቻ በቃኝ፤ እየሮጥኩ ወጥቼ ቦዩ ላይ አስመለስኩ። ከሆዴ የወጣው ውሃ ብቻ ነበር።

ፊቴን አጠቡልኝና በርጩማው ላይ አስቀመጡኝ። «ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ዝናቡ አቆመ» አልኩና አለቀስኩ።

«ዝናቡ ሲያቆም ምን ይመጣል?»

«መናገር አልችልም። ሆድ ይፍጀው ተብያለሁ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ። ተንበርክከው ዓይኔ ትክክል ሆኑ። «ስሚኝ። ይህ ነገር ለትልቅ ሰው ሆድ ነው የሚባለው። አንቺ ጋ ያስቀመጠው ሰው ክፉ ላይሆን ይችላል፤ ግን ተሳስቷል። ለእኔ አውርጂው። እኔ ሰፊ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሻንጣውን፣ ጃኬቱን፣ ባሕሩን። ነግሬ ስጨርስ እናቴ ወዲያው የምትሰማ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን «ይህን ለእናትሽ የሚነግራት እኔም አንቺም አይደለንም» አሉኝና ነጠላቸውን ለበሱ። ሱቁን ቆለፉት። የሥራ ቀን ላይ ሲቆልፉ አይቼ አላውቅም።

እጄን ይዘው ወደ ፒያሳ ወረድን። ዳዊት ፎቶ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ነበር። ሲያየን ደነገጠ፤ ዓይኑ ከእኔ ወደ እሳቸው ሄደ። እትዬ ሙኒራ ወደ ፊት ገፋ አደረጉኝና «ይህችን ልጅ ፎቶ አንሳልኝ» አሉት።

«አሁን?»

«አሁን።»

ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። መብራቶቹን አበራ፤ ሙቀታቸው ጉንጬን ነካኝ። ካሜራው ላይ ጎንበስ አለና «ቀና በይ ትጊ» አለኝ። ቀና አልኩ። አላነሳኝም። ቆየ። ከካሜራው ወጥቶ መጣና የቀሚሴን ኮሌታ ሊያስተካክል እጁን ሲሰነዝር ጣቱ የትከሻዬን አጥንት ነካው። እዚያው ቀረ። በየቀኑ አንድ ቤት ውስጥ እያየኝ አላየኝም ነበር።

«አየሃት?» አሉት እትዬ ሙኒራ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ።

«አየኋት።»

«የሰጠሃት ምስጢር ነው እንዲህ ያደረጋት። እኔ አትሂድ ልልህ አልመጣሁም፤ እኔም ከአገሬ ወጥቼ ነው እዚህ የደረስኩት። የምትሄድ ከሆነ ግን እናትህን ፊት ለፊት አይተህ ንገራት። እሷን መንገር ካቃተህ፣ ያ መንገድ ከዚያ የባሰ ነው።»

ዳዊት መብራቶቹን አንድ በአንድ አጠፋቸው። ከዚያ ወንበሩ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አደረገ። ከባድ ነበር፤ ግን እንዲነሳ አልፈለግሁም።

የዚያን ዕለት እማዬ ከሥራ ስትመጣ በር ላይ ጠበቃት። ገና ሳይመሽ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ነገራት። እማዬ አልጮኸችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አንቺ ታውቂ ነበር?» አለችኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

«ክረምቱን ሙሉ?»

እንደገና ነቀነቅሁ። ሳበችኝና እጇን ሆዴ ላይ አደረገች። «እኔ እኮ ብይ እያልኩ ስቆጣሽ ነበር» አለች። ያን ጊዜ ነው ሦስታችንም ያለቀስነው። ዳዊት ያን ዓመት አልሄደም። ሻንጣውን እማዬ የክረምት ልብስ ማስቀመጫ አደረገችው፤ ጃኬቱን እሱ ለሥራ መልበስ ጀመረ።

በማግሥቱ ተነስቼ የምበላ መስሎኝ ነበር። አልሆነም። ምስጢሩ ወጥቷል፣ ዳዊት አለ፣ ጉሮሮዬ ግን እንደተዘጋ ነው። ይህ ከሁሉም በላይ አስፈራኝ። እትዬ ሙኒራን ስጠይቃቸው ክር እየጠቀለሉ «ፍርሃት ሲገባም ቀስ ብሎ ነው የገባው፤ ሲወጣም እንደዚያው ነው። አንቺ አትጠብቂው፤ ሥራሽን ሥሪ» አሉኝ። ሲኒው ቀጠለ። እርምጃው ቀጠለ። ቅዳሜ ከእማዬ ጋር ቴዎድሮስ አደባባይ ስናልፍ ሽማግሌው ከሚዛናቸው አጠገብ ሆነው ሰላም አሉን፤ እማዬም ሰላም ብላ እጄን ይዛ አለፈች።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት የዩኒፎርሜ ጉርድ ወገቤ ላይ አልቆም አለ። እትዬ ሙኒራ ሁለት ቁልፍ ተከሉበት፤ አንዱን ወደ ውስጥ ገባ አድርገው፣ አንዱን ጫፉ ላይ። «ይህ ለዛሬ ነው፣ ያኛው ለሌላ ቀን» አሉኝ። የትኛው ቀን እንደሆነ አልተናገሩም።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ወደ ሱቁ መጣሁ። ሱቁ በደንበኛ ተሞልቶ ነበር፤ እትዬ ሙኒራ በርጩማው ላይ ቆመው ለአንዲት ሴት ዚፕ ይፈልጋሉ። ጓዳው ውስጥ ምሳቸው ተከድኖ ተቀምጧል፤ ቆጮ፣ ጎመንና አይብ። ክዳኑን ማን እንዳነሳው አላውቅም። ሽታው መጣ፤ ምራቄ አፌን ሞላው። እንዲህ ያለ ነገር ከሰኔ ወዲህ ስላልደረሰብኝ መጀመሪያ ያመመኝ መስሎኝ ነበር። ቆም ብዬ ራሴን አዳመጥኩ። በደንበኞቹ መሐል ተሽሎክልኬ ቀሚሳቸውን ሳብኩ።

«እትዬ፣ ራበኝ።»

ከበርጩማው ላይ ሆነው ቁልቁል አዩኝ።  ፊታቸውን ቶሎ ወደ መደርደሪያው አዞሩና ሴትዮዋ የጠየቀችውን ቀለም አጥተውት የሚፈልጉ መሰሉ። ዚፑ ግን እጃቸው ውስጥ ነበር።

«ታዲያ እጅሽን ታጠቢያ» አሉኝ።

ታጥቤ ገባሁ። ከቆጮው ትንሿን ቁራሽ አንስቼ በላሁ። ከዚያ ትልቋን አነሳሁ።